መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ሙዚቃ ሰርቨሬ ናሱን ማግኘት አቃተው

የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ቅዳሜ ማታ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ? ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

አባየ ድሮ ደሴ ፒያሳ ላይ ካሴት ቤት ነበራቸው። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል። ካሴቶቹ ግን በሦስት የሳሙና ካርቶን ታሽገው ቤት ተቀምጠው ነበር። 312 ናቸው። ባቲ አለ፣ አምባሰል አለ፣ የማሪቱ ለገሰ አለ፣ መንዙማ አለ፣ የኦርቶዶክስ መዝሙርም አለ። አባየ ለሁሉም ይሸጡ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ክሩ የላላውን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ የተበጠሰውን በቀጭን ፕላስተር እየቀጠልኩ። አንዳንዱ ላይ ከዘፈኑ በፊት የአባየ ድምፅ ይሰማል፤ "አንድ፣ ሁለት" እያሉ ሲሞክሩ።

አሁን ሙዚቃውን የሚያጫውተው ራዝበሪ ፓይ 4 (የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር) ነው። ናቪድሮም የሚባለውን የሙዚቃ ሰርቨር ፕሮግራም ጭኜበታለሁ። ፋይሎቹ ግን እሱ ላይ አይደሉም። ኮሪደር ላይ ባለች ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በኔትወርክ የሚደረስባት የፋይል ማከማቻ ሳጥን) ላይ ናቸው። ሁለቱም በኬብል ከራውተሩ ጋር ተገናኝተዋል። ሰባት ወር ያለምንም ችግር ሠራ።

ሐሙስ የበልጉ ዝናብ ሲወርድ መብራት ሄደ። ማታ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆኗል፦ አፑን ስከፍት አልበሞቹ ሁሉ ይታያሉ። የአባየ የእጅ ጽሑፍ ያለበት የካሴት ሽፋን ሳይቀር ይታያል። ዘፈኑን ስነካው ግን ክቧ ትሽከረከራለች፤ ሰዓቱ 0፡00 ላይ ይቀራል። ሎጉን (የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ) ሳየው ፋይሉ የለም ይላል።

የገረመኝ ላፕቶፔ ነው። ዊንዶውስ ነው። ናሱን በስሙ ከፍቼ ገባሁ፤ ዘፈኖቹ አሉ፣ ይጫወታሉም። ስለዚህ ዲስኩ አልሞተም። ፓይውንም ናሱንም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ለውጥ የለም።

የአባየ ዓይን ደክሟል። ከመግሪብ በኋላ ቡናው ሲፈላ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ሌላ መዝናኛ የላቸውም። ሁለት ቀን ሙሉ "ዛሬም አልተሠራም ልጄ?" ይሉኛል። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።


ወልድያ ኔትወርክ
ቅዳሜ ማታ 3፡05

እህቴ አብሽሪ፣ ፋይሎችሽ ደህና ናቸው። ላፕቶፑ ላይ ከተጫወቱ ናሱ ውስጥ አሉ ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ ናቪድሮም ላይ "ሙሉ ስካን" (ፎልደሩን እንደ አዲስ ማሰስ) የሚለውን እንዳትነኪ። ናቪድሮምን ለጊዜው አቁሚው። ለምን መሰለሽ? ፓይው ላይ ለምሳሌ "ሙዚቃ" የሚል ፎልደር አለሽ። ፎልደሩ ራሱ ባዶ ነው። ናሱ ሲያያዝ ነው ዘፈኖቹ እዚያ ውስጥ የሚታዩት። ማውንት የምንለው ይሄንን ነው። ናሱ ካልተያያዘ ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ሙዚቃ ሰርቨር ባዶ ፎልደር ሲያገኝ እንደየአይነቱ "ዘፈኖቹ ጠፍተዋል" ብሎ ዝርዝሩን ሊያጸዳ ይችላል። ያኔ ፋይሉ ባይጠፋም ያዘጋጀሻቸው የዘፈን ዝርዝሮችና ኮከብ ያደረግሻቸው ሊበላሹ ይችላሉ። የናቪድሮም ዳታቤዝ አንዲት ፋይል ናት፤ አሁኑኑ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪያት።

ከዚያ እነዚህን ንገሪኝ። ፓይው ላይ በኤስኤስኤች (ከላፕቶፕ ሆኖ ትዕዛዝ መስጫ) ገብተሽ የሙዚቃውን ፎልደር ስትዘረዝሪው ባዶ ነው ወይስ ፋይል አለው? ከፓይው ወደ ናሱ ፒንግ ("አለህ?" የሚል ጥሪ) ስታደርጊ ይመልሳል? ኤፍኤስታብ ፋይል (ፓይው ሲነሳ ምን እንደሚያያይዝ የተጻፈበት) ውስጥ ናሱን የሚጠራው መስመር በስም ነው ወይስ በአይፒ ቁጥር (በኔትወርክ አድራሻው)?


ሐይቅ ዳር
ቅዳሜ ማታ 3፡30

እኔም እንዲሁ ሆኖብኝ ያውቃል። ናሱ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ኤስኤምቢ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ) ስሪት 1ን አብሪው። ፓይው ላይም ስሪቱን 1.0 በይው። ወዲያው ይሠራል። ካልሠራ ኬብሉን ቀይሪ።


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ቅዳሜ ማታ 4፡10

ሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንዳልከው አውቃለሁ። ግን እባክህ ይሄንን ምክር ለሰው አትስጥ።

የኤስኤምቢ ስሪት 1 በጣም አሮጌ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በእሱ ቀዳዳ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን ፋይል የሚያጋራውን የስሪት 1 ክፍል ይዞ አይመጣም። ሳምባም (ብዙ ናሶች ፋይል የሚያጋሩበት ፕሮግራም) በ2019 እ.ኤ.አ. በ4.11 እትሙ ካልከፈቱት በቀር ዝግ እንዲሆን አደረገው። እሱን መክፈት ማለት የግቢውን በር ለሌሊት ክፍት መተው ነው። የልጅቷ ናስ ላይ ደግሞ የአባቷ ዕድሜ ልክ ሀብት አለ።

ሌላም ነገር አለ። ሰባት ወር የሠራ ነገር ስሪቱ በመብራት መጥፋት ምክንያት አይለወጥም። የይለፍ ቃሉም አይለወጥም። ጥገና ስትሠሩ መጀመሪያ "ምን ተለወጠ?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ የተለወጠው መብራት ሄዶ መምጣቱ ብቻ ነው። እንግዲህ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን ምን ይቀየራል? ከዚያ እንጀምር።

ልጄ፣ ወልድያ የጠየቀሽን መልሺለት። ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
እሁድ ጠዋት 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናቪድሮምን አቁሜዋለሁ፤ ዳታቤዙንም ላፕቶፔ ላይ ኮፒ አድርጌያለሁ።

መልሶቹ እነሆ። ፎልደሩ ባዶ ነው። መስመሩ ናሱን የሚጠራው በቁጥር ነው፤ 192.168.1.20 ይላል። ፒንግ ሳደርገው ሊደረስበት አልተቻለም ይላል። ከላፕቶፔ ግን ናሱን በስሙ ፒንግ ሳደርገው መልስ የመጣው ከ192.168.1.37 ነው። ይሄ ነው እንዴ ነገሩ?


ወልድያ ኔትወርክ
እሁድ ጠዋት 2፡40

እሱ ራሱ ነው!

ለቤት ውስጥ ዕቃ አይፒ ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው። ለማን ምን እንደሰጠ ዝርዝር ይይዛል። ብዙ የቤት ራውተሮች ግን ያንን ዝርዝር ጊዜያዊ ማህደር ላይ ብቻ ነው የሚይዙት። መብራት ሲጠፋ ይረሱታል። ሲነሱ እንደ አዲስ ማደል ይጀምራሉ። ናስሽ ድሮ 20 ነበር፣ አሁን 37 ሆነ። ላፕቶፑ በስም ስለሚፈልግ አገኘው። ፓይሽ ደግሞ በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ሲያንኳኳ ሰው የለም።

መፍትሔው ቁጥሩን ማስያዝ ነው። ራውተርሽ ውስጥ ግቢ። ዲኤችሲፒ (ቁጥር ማደያው) በሚለው ሥር አድራሻ ማስያዣ አለ። የናሱን ማክ አድራሻ (የዕቃው የራሱ መለያ ነው፤ ናሱ ጀርባ ላይ ስቲከር ላይ ተጽፏል) ከ192.168.1.20 ጋር አጣምሪው። የፓይውንም እንዲሁ አድርጊ። ከዚያ ናሱን አጥፍተሽ አብሪ፤ ወደ 20 ይመለሳል። ፓይው ላይ ምንም መቀየር የለብሽም።


ሐይቅ ዳር
እሁድ ጠዋት 3፡00

ስለ ስሪት 1 ገባኝ፣ ጋሼ። አሁኑኑ የእኔንም ዘጋሁት። ላፕቶፔ ምንም አላለም፤ ፋይሉ እንደተለመደው ይከፈታል። እንግዲህ ስሪት 1 የሚፈልገው ዕቃ ቤቴ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ፓይውም ለምን በስም አይፈልገውም? ቁጥር ከማስያዝ አይቀልም?


ወልድያ ኔትወርክ
እሁድ ጠዋት 3፡20

ይቻላል። በስም መፈላለጉ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ኤምዲኤንኤስ የሚባለውን የስም መጠራሪያ ዘዴ ሲያውቁ ነው። አንዳንድ ራውተር ደግሞ የዋይፋዩን ከኬብሉ ይለየዋል፤ ያኔ ስሙ አይሻገርም። ለማይንቀሳቀስ ዕቃ የተያዘ ቁጥር ይሻላል። እኔ ለፕሪንተር ሁሉ አስይዛለሁ።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
እሁድ ቀን 6፡50

ሠራ!! አልሐምዱሊላህ። ቁጥሩን አስያዝኩ፣ ናሱን አጥፍቼ አበራሁ፣ ከዚያ ፓይውን። አንድ አምባሰል ከፈትኩ። አባየ ጓሮ ነበሩ፤ ድምፁን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ምንም አላሉም። ቁጭ አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

ወልድያ ወንድሜ፣ ጋሼ ቦርከና፣ እግዜር ይስጥልኝ።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ማክሰኞ ማታ 1፡30

ይቅርታ፣ ተመልሻለሁ። ዛሬ ከሰዓት መብራት አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ መጣ። እንደገና ያው ችግር። ክቧ ትሽከረከራለች።

ግን እንደ ፊተኛው አይደለም። ናሱ 192.168.1.20 ላይ ነው፤ አረጋግጫለሁ። ከፓይው ፒንግ ሳደርግም ይመልሳል። ፎልደሩ ግን ባዶ ነው። "ሁሉንም ማውንት አድርግ" የሚለውን ትዕዛዝ በእጄ ስጽፍ ወዲያው ይያያዛል፤ ዘፈኑም ይጫወታል። በእጄ የሚሠራው ራሱን ችሎ ለምን አይሠራም? መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ቤት ላልኖር እችላለሁ። አባየ ደግሞ ይሄንን ማድረግ አይችሉም።


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ማክሰኞ ማታ 2፡00

ልጄ፣ ሰዓት ያዢ። ፓይውንም ናሱንም ራውተሩንም ከሶኬት ንቀይና እኩል ሰኪያቸው። እያንዳንዱ ተነስቶ እስኪያበቃ ስንት ይፈጅበታል? ለእያንዳንዱ ጻፊልኝ።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ማክሰኞ ማታ 2፡45

ያዝኩ ጋሼ። ፓይው 35 ሰከንድ። ራውተሩ 1 ደቂቃ ከ40። ናሱ 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ናሱ መጀመሪያ ዲስኮቹን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ መብራቱ ረጅም ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መጨረሻ ላይ "ጢጥ" ይላል።


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ማክሰኞ ማታ 3፡30

ጎሽ። ችግሩ እዚያው ጽሑፍሽ ውስጥ አለ።

እኔ ብዙ ዘመኔን የፈጀሁት ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ነው። መብራት ሲመለስ ሁሉንም ማሽን በአንዴ አናስነሳም። በአየር የሚሠራ ማሽን ካለ መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ ይነሳል። ጌጁ እስኪሞላ ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ነው ማሽኑን የምንነካው። አየር ሳይሞላ ያስነሳኸው ማሽን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ክሩንም ይበጥሳል።

የአንቺ ቤት ያው ነው። ፓይሽ ወጣት ነው፣ በ35 ሰከንድ ይነሳል። ተነስቶ "ናሱ የት አለ?" ይላል። ናሱ ገና ዲስኩን እያንቀሳቀሰ ነው። ራውተሩ እንኳ አልነቃም። ፓይው አንዴ ይሞክራል፣ አልሆነም ብሎ ይተወዋል። ናቪድሮም ደግሞ በባዶው ፎልደር ላይ ይነሳል። ናሱ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ የሚጠራው የለም። ባለፉት ሰባት ወራት ይሄ ያልታየሽ ሁለቱ እኩል ጠፍተው እኩል ስላልተነሱ ይሆናል። እሁድም አንቺ ናሱን ቀድመሽ፣ ፓይውን በኋላ ነው ያስነሳሽው።

አንዳንድ ሰው "ኔትወርክ ጠብቅ" የሚለውን አማራጭ መስመሩ ላይ ይጨምርና ጨረስኩ ይላል። እሱ የሚጠብቀው የፓይውን የራሱን ኔትወርክ ነው። ናሱ መነሳቱን አያውቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ እናድርግ። ትዕዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ እዚህ ትርጉማቸውን ልንገርሽ።

ኤፍኤስታብ ላይ ያለውን መስመር እንቀይረዋለን። "ኖፌይል" እንጨምራለን፤ ናሱ ባይኖርም ፓይው መነሳቱን አያቁም ማለት ነው። "አውቶማውንት" የሚለውን የሲስተምዲ (ፓይው ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ክፍል) አማራጭም እንጨምራለን፤ ሲነሳ አትሞክር፣ አንድ ሰው ፎልደሩን ሲነካ ያኔ አያይዝ ማለት ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ናሱ ከሌለ ፎልደሩን የነካው ፕሮግራም ስህተት ይመለስለታል እንጂ ባዶ ፎልደር አያገኝም። ስህተት ይሻላል። ባዶ ነገር ነው ሰርቨሩን የሚያታልለው።

ቀጥሎ ዋናው ነገር። ናሱ ላይ፣ የሙዚቃው ፎልደር ውስጥ፣ አንዲት ባዶ ፋይል ፍጠሪ። ስሟን "አለሁ" በያት። የናቪድሮም ሰርቪስ ከመነሳቱ በፊት "አለሁ የሚል ፋይል አለ?" ብሎ እንዲፈትሽ እናደርገዋለን። ካለች ይነሳል። ከሌለች ይወድቅና በ30 ሰከንዱ እንደገና ይሞክራል። ናሱ እስኪመጣ ድረስ እየሞከረ ይቆያል። እጅሽን አይፈልግም።

መጨረሻ ላይ ናሱ ሳይያያዝ ባዶውን ፎልደር ቆልፊው። በ"ቻትር" ትዕዛዝ ማንም እንዳይጽፍበት ይደረጋል። ካለዚያ አንድ ቀን ናሱ በሌለበት ዘፈን ስትገለብጪ ሁሉም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ይከመርና ፓይውን ይሞላዋል።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ረቡዕ ማታ 2፡10

ጋሼ፣ ሁሉንም እንደላኩልኝ አደረግሁ። "አለሁ"ን ከላፕቶፔ ሆኜ ናሱ ላይ ፈጠርኳት። ከዚያ ሁሉንም ከሶኬት ነቅዬ ሰካሁ። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ናቪድሮም አልተነሳም። ሎጉ ላይ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ይሞክራል፣ ይወድቃል። ከ20 ጊዜ በላይ።

ናሱ ግን ተያይዟል! ፎልደሩን ስዘረዝረው ፋይል አለ። ሆኖም ስሞቹ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነዋል። አንዱ "???? ???"፣ ሌላው "?????"። መጨረሻ ላይ "???" የሚል አንድ ፋይል አለ። ፋይሎቼ ተበላሹ እንዴ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።


ወልድያ ኔትወርክ
ረቡዕ ማታ 2፡20

አልተበላሹም! ተረጋጊ። ላፕቶፑ ላይ ክፈቺው፣ ስሞቹ በአማርኛ ይታዩሻል። የታየሽ የፓይው ዕይታ ብቻ ነው። ያቺ ባለ ሦስት ጥያቄ ምልክት ፋይል ማን ናት? ሦስት ፊደል፦ አ-ለ-ሁ። ሰርቪሱ "አለሁ" ብሎ ይፈልጋል፣ ፓይው የሚያየው "???" ነው። ለዚህ ነው የማይነሳው።

መስመሩ ላይ የፊደል አማራጭ ጎድሏል። "አይኦ-ቻርሴት" እኩል ይሆናል "ዩቲኤፍ8" (ግዕዝንም የሚይዘው የፊደል አጻጻፍ) የሚለውን ጨምሪበት። ነባሪው ዩቲኤፍ8 ያልሆነ ከርነል (የፓይው ሶፍትዌር እምብርት) ካጋጠመሽ ያለዚያ አማራጭ ግዕዝ ፊደልን አያውቅም፤ የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። የድሮው መስመርሽ ላይ ነበረ?


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ረቡዕ ማታ 2፡35

የድሮውን ኮፒ አስቀምጬ ነበር። አዎ፣ እዚያ ላይ አለ! አዲሱን ስጽፍ የድሮውን ሙሉ በሙሉ ነው የተካሁት።


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ረቡዕ ማታ 2፡50

ልጄ ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የላክሁልሽ መስመር ከእኔ ቤት የመጣ ነው፤ የእኔ ፋይሎች በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆኑ አማራጩን አልጨመርኩም። ወልድያ፣ ስላየኸው አመሰግንሃለሁ። የውስጥ መስመሩን አስተካክዬ እንደገና ልኬልሻለሁ።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ረቡዕ ማታ 3፡40

ጋሼ፣ እርስዎማ ምን አጠፉ። እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር።

ዩቲኤፍ8ን ጨመርኩ። ሁሉንም ከሶኬት ነቀልኩ፣ እኩል ሰካሁ፣ ሰዓት ያዝኩ። ሎጉን ከፍቼ እያየሁ ነበር። አንድ ጊዜ ወደቀ። ሁለት። ሦስት። ኮሪደር ላይ ናሱ "ጢጥ" አለ። ስምንተኛው ሙከራ ላይ "ተነስቷል" አለ። አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ስካኑም ሄደ፤ አንድም ዘፈን አልጎደለም። ያዘጋጀሁት የአባየ የዓርብ ማታ የመንዙማ ዝርዝርም እንዳለ ነው።


ባቲ ሰኞ
ሐሙስ ጠዋት 4፡00

ውይይታችሁን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነበር። የእኔም ቤት ያው በሽታ ነው፤ እኔ ግን ናቪድሮምን በዶከር (ፕሮግራምን በራሱ ሳጥን ለይቶ በሚያስኬደው) ነው የማስኬደው። ናሱ ተያይዟል፣ በኤስኤስኤች ገብቼ ፋይሎቹን አያለሁ። ናቪድሮም ግን ባዶ ነው ይላል። ይሄ እንዴት ይሆናል?


ወልድያ ኔትወርክ
ሐሙስ ጠዋት 4፡25

ኮንቴይነሩ (የዶከሩ ሳጥን) ከማውንቱ ቀድሞ ተነስቷል። ሲነሳ ያገኘውን ባዶ ፎልደር ይዞ ይቀራል፤ በኋላ የተያያዘውን አያይም። ኮንቴይነሩን ሪስታርት አድርጊው፣ ወዲያው ያያል። ለዘለቄታው ደግሞ "አለሁ" የምትባለውን ፋይል የሚጠብቅ ትንሽ ስክሪፕት ይኑርሽ፤ እሷ ስትገኝ ብቻ ኮንቴይነሩን ያስነሳው። አውቶማውንቱን ግን ለዶከር አልመክርሽም፣ አንዳንዴ አብረው አይስማሙም። ስክሪፕቱ ራሱ ማውንት ያድርግ።

ስለ ፊደል ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ካሴት የምትገለብጡ ሁሉ ያገኛችኋል። በዩቲኤፍ8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሊነክስ (ፓይውና ብዙ ናሶች የሚሠሩበት ሥርዓት) ላይ ባለው ኤክስት4 የፋይል አደረጃጀት አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ በአማርኛ 85 ፊደል ነው ጣሪያው። የዘፋኙን፣ የዘፈኑን፣ የካሴቱን፣ የዓመቱን ስም ሁሉ አንድ ላይ ከጻፋችሁ ይሞላል። ዊንዶውስ ግን በፊደል ነው የሚቆጥረው። ላፕቶፕ ላይ የተቀበለው ረጅም ስም ናሱ ላይ ሲገለበጥ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ረጅሙን ነገር ታጉ (ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የዘፈኑ መግለጫ) ውስጥ ጻፉት፣ የፋይሉን ስም አሳጥሩት።

ደግሞ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። "ለገሰ" እና "ለገሠ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ማሪቱ ሁለት ዘፋኝ ሆና ትወጣለች። እኔ ይሄንን ለማስተካከል ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ከመጀመሪያው አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ሐሙስ ቀን 7፡10

የእኔም እንዲሁ ነው! አሁን ሳየው ሁለት "ማሪቱ" አለች። የአባየን የካሴት ሽፋን ጽሑፍ እንዳለ ስለገለበጥኩ ነው፤ እሳቸው አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ጽፈውታል። የፋይሉን ስም በእሳቸው አጻጻፍ እተወዋለሁ። ታጉን ግን አስተካክላለሁ።

የዘፈን ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብዬ በቅኝት እየለየሁ ነው። አባየ ይለዩልኛል። አምስት ሰከንድ ሰምተው "ባቲ ነው" ይላሉ።


ሐይቅ ዳር
ሐሙስ ማታ 1፡20

ዩፒኤስስ (መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ)? እኛ ጋ መብራቱ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚሄደው። አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ቢገዛ ይሄ ሁሉ ይቀር ነበር?


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ሐሙስ ማታ 2፡05

አይቀርም፤ ግን ግድ ያስፈልጋል። ትንሽ ዩፒኤስ የሚይዘው ለደቂቃዎች ነው፣ መብራቱ የሚጠፋው ለሰዓታት ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ናሱ እየጻፈ ሳለ ድንገት ከጠፋ የዲስኩ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ዩፒኤስ በዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር ይገናኛል። መብራት ሲሄድ "ልትጠፋ ነው" ብሎ ይነግረዋል፤ ናሱም በሥርዓት ራሱን ይዘጋል። ስትገዙ ያ ገመድ ያለው መሆኑን እዩ። ገመዱ ከሌለው ለናስ ብዙም አይጠቅም።

አሁን ልጄን አንድ ነገር ልጠይቃት። የእነዚያ 312 ካሴቶች ሌላ ኮፒ የት ነው ያለው?


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ሐሙስ ማታ 2፡30

ናሱ ባለ ሁለት ዲስክ ነው ጋሼ። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አይበቃም?


ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ
ሐሙስ ማታ 3፡00

አይበቃም ልጄ። ያ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። በስህተት ብታጠፊ ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። ሌባ ቢወስደው ሁለቱንም ይወስዳል። ጣሪያው ቢያፈስ ሁለቱም ላይ ነው የሚያፈሰው።

ስሌቱን እንሥራው። በሲዲ ጥራት ያልተጨመቀ አንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። ካሴቶችሽ በአማካይ የ60 ደቂቃ ከሆኑ 312ቱ 200 ጊጋባይት ቢሆኑ ነው። በፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ በሚጨምቀው የድምፅ ፋይል ዓይነት) ከጨመቅሽው ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አንድ ባለ 500 ጊጋ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሁሉንም ይዞ ይተርፈዋል። ያንን ዲስክ ሞልተሽ ከቤትሽ ውጪ አስቀምጪው። ዘመድ ጋ፣ ጓደኛ ጋ፣ የትም ይሁን፣ ከዚያ ቤት ብቻ ይውጣ። በየሦስት ወሩ እያመጣሽ አድሺው።

ካሴቶቹንም እንዳትጥያቸው። ደረቅ ቦታ፣ ከድምፅ ማጉያ ራቅ አድርገሽ። ድምፅ ማጉያ ማግኔት አለው።


የጦሳ ሥር ልጅ፣ ደሴ
ዓርብ ማታ 2፡15

ዛሬ ከሰዓት መብራት እንደገና ጠፋ። እኔ ሥራ ቦታ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ መብራቱ ተመልሷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ መንዙማው ይሰማል። ማንም አልነካውም። አባየ ራሳቸው ስልካቸውን ነክተው ነው የከፈቱት።

ሎጉን አየሁት። ዘጠኝ ጊዜ ሞክሯል፤ "አለሁ"ን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ 500ውን ዲስክ ዛሬ ገዛሁ። አሁን እየተገለበጠ ነው፤ 61 በመቶ ደርሷል። ኮምቦልቻ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። እሁድ እወስድላታለሁ። ጋሼ ቦርከና፣ ፈቃድዎ ከሆነ በዚያው መጥቼ ሰላም እልዎታለሁ። አባየ አንድ ካሴት ለእርስዎ ልከዋል፤ ባቲ ነው።